ንጉሡ ይቀየር፣ አገሬን ግን ተዉልኝ

በመጨረሻ ሰሙ። ጌም ሠሪው ኩባንያ ፊራክሲስ ሲቪላይዜሽን ሰባት (ባጭሩ ሲቭ ሰባት፣ አገር ከጥንት ጀምረህ የምትገነባበት የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌም) ላይ አንድ ሥልጣኔ መርጠህ ከጥንቱ ዘመን እስከ ጨዋታው መጨረሻ እሱኑ ይዘህ መዝለቅ እንድትችል አደርጋለሁ ብሎ ወስኗል። ሲወጣ ግን ከሦስቱ ዘመን አንዱ ባለቀ ቁጥር አገርህን እንድትቀይር ያስገድድህ ነበር። ጌሙ ፌብሯሪ 2025 ላይ ከወጣ ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ጌሞቹ የሚታወቁት በዛ ስለሆነ) ሰው ሲጮህ የከረመው ለዚህ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል፣ ብሎኛልም። ደሜን ያፈላው ግን ውሳኔው ከተሰማ በኋላ በየቪዲዮው የሚደጋገመው ወሬ ነው። ኩባንያው ለውጥ ለሚፈሩ ተጫዋቾች ተንበረከከ፣ ሁሉም ሲቭ ሲወጣ ይሰደባል ከዛ ይወደዳል፣ ትንሽ ቢታገሱ ኖሮ ይለምዱት ነበር፣ ጥሩ ሐሳብ በጩኸት ተገደለ ምናምን። ይሄን የሚሉት ሰዎች ወይ የድሮዎቹን አልተጫወቱም ወይ ረስተውታል፣ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

መጀመሪያ ይሄን "ሁሉም ሲወጣ ይሰደባል" የሚሉትን እንየው፣ ከደረደሯቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ባዶው እሱ ነው። እውነት ነው፣ ሲቭ አምስት 2010 ላይ ሲወጣ ሰው አብዷል። ካሬ የነበረው ካርታ ስድስት ማዕዘን ሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ሃያ ጦር መደርደር ቀረና በአንድ ቦታ አንድ ጦር ብቻ ተባለ፣ ሲቭ አራት ላይ የነበረው ሃይማኖትና ስለላ ጠፋ። ከዛስ? ሃይማኖቱና ስለላው 2012 ላይ በማስፋፊያ (ለብቻው በሚሸጥ ተጨማሪ ክፍል) ተመልሶ መጣ፣ 2013 ላይ ደግሞ የንግድ መስመሩ፣ ርዕዮተ ዓለሙና የዓለም ጉባኤው ተጨመረ፣ ሰውም ወደደው። ስድስት ማዕዘኑ ግን የትም አልሄደም፣ አንድ ቦታ አንድ ጦር የሚለውም የትም አልሄደም፣ ሲቭ ስድስትም ወርሷቸዋል። 2016 ላይ ሲቭ ስድስት ከተማውን በሰፈር በሰፈር ከፋፍሎ ካርታው ላይ ሲዘረጋው፣ መሪዎቹንም እንደ ካርቱን ሲስላቸው እንደዛው ጩኸት ነበር፣ ሰፈሮቹ ግን ቀሩ፣ ዛሬ ብዙ ሰው ያለነሱ መጫወት አይፈልግም። እና እስቲ ንገሩኝ፣ ፊራክሲስ መቼ ነው "ስድስት ማዕዘኑ ካስጠላችሁ አጥፉትና በካሬ ተጫወቱ" ብሎ የሚያውቀው? ብሎ አያውቅም፣ ምክንያቱም ያኔ የጎደለው ተጨማሪ ነገር እንጂ መሠረቱ ጤነኛ ነበር፣ አሁን ግን ራሳቸው የሠሩት ሰዎች መሠረቱን እየቆፈሩ እያወጡት ነው። ሰው አልታገሰም እንዳትሉኝ ደግሞ፣ ጌሙ ከወጣ ጥቂት ወራት በኋላ ጀምሮ ስቲም (ጌም የሚሸጥበትና የሚጫወቱበት መድረክ) ላይ ሲቭ ስድስትም አሮጌው ሲቭ አምስትም ከአዲሱ የበለጠ ተጫዋች ይዘው ነው 2025ን የጨረሱት። ሰው ሰባ ዶላር ከፍሎ የገዛውን ጌም ትቶ የአሥራ አምስት ዓመት ጌም ላይ የሚመለሰው ለውጥ ስለሚፈራ ነው ብሎ ማሰብ ሰውን መናቅ ነው።

የኔ ክርክር አንድ ነው። ሲቭ ሰባት ነገሩን ገልብጦ ነው የሠራው፣ መሪው አይሞትም አገሩ ይሞታል። አውግስጦስን መርጠህ ብትጀምር አውግስጦስ ሦስቱንም ዘመን ፊቱ ሳይጨማደድ ቁጭ ይላል፣ ሮም ግን የመጀመሪያው ዘመን ሲያልቅ ተጠቅልላ ትሄድና በል ሌላ አገር ምረጥ ትባላለህ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን አክሱምን መምራት ይችላል፣ አክሱም ግን አክሱም ሆና መቀጠል አትችልም። ይሄ እኮ ጊዮርጊስን ልትደግፍ ስታዲየም ገብተህ ከረፍት መልስ ክለባችን ቡና ሆኗል፣ ግን አይዞህ አሰልጣኙ ያው ነው እንደመባል ነው። ለአሰልጣኝ ብሎ ማልያ የሚለብስ ደጋፊ የት አለ? ሰው ከነዚህ ጌሞች ጋር ሌሊቱን የሚያነጋው የመሪው መልክ ማርኮት አይደለም። መጀመሪያ ዙር ላይ ሰፋሪውን ወንዝ ዳር አቁሞ የቆረቆራት ከተማ፣ ከጎረቤት የተዋጋላት፣ የመጀመሪያውን ግንብ ያጠረላት፣ እህል ሲጎድልባት የተጨነቀላት ከተማ፣ ያቺው ራሷ በዛው ባንዲራ በዛው ቀለም ባቡር ሲገባባት ለማየት ነው። 1991 ላይ ሲድ ሜየርና ብሩስ ሼሊ የመጀመሪያውን ሲሠሩት ጀምሮ የገቡልን ቃል ዘመን የሚሻገር መንግሥት ትገነባላችሁ የሚል ነው እንጂ ዘመን የሚሻገር መሪ አይደለም።

ኦልድ ወርልድ የሚባለውን ጌም የተጫወተ ሰው ይሄ ክርክር ገና ሳይጀመር ይገባዋል። የሲቭ አራት ዋና ዲዛይነር የነበረው ሶረን ጆንሰን በሞሃውክ ጌምስ በኩል 2021 ላይ ያወጣው ነው፣ ስቲም ላይ የገባው 2022። እዛ አንድ ዙር አንድ ዓመት ነው፣ ስለዚህ ንጉሡ ያረጃል። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ልጁ ምን ይማር የሚለው ራሱ ውሳኔ ነው፣ ከሚስቱ ይጣላል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ጥሩ ንጉሥ በጦርነት መሀል ሞቶብህ፣ ዙፋኑ ላይ ማንም ያልፈለገው ልጅ ሲወጣ፣ ትልልቆቹ ቤተሰቦች ሲያኮርፉ፣ ትናንት የታዘዘልህ ጄኔራል ዛሬ ፊቱን ሲያዞር፣ ያኔ ነው ቀውስ ምን እንደሆነ የሚገባህ። አገሪቱ ግን ያቺው ናት፣ ፋርስ ብለህ ጀምረህ ፋርስ ብለህ ትጨርሳለህ። ሲቭ ሰባት ላይ ቀውስ የሚመጣው የዘመኑ ቆጣሪ ስለሞላ ነው፣ ኦልድ ወርልድ ላይ ግን አንተ ራስህ ከሃያ ዙር በፊት አንዱን ቤተሰብ ስለናቅክ ነው የሚመጣው። ይሄን ልዩነት የማያይ ሰው ስለ ስትራቴጂ ጌም ባይተነትን ይሻለዋል። እና ልብ በሉ፣ ይሄን ኦልድ ወርልድን እያደነቁ ያሉት እነዛው ለውጥ ይፈራሉ የተባሉት ተጫዋቾች ናቸው። እያንዳንዱን ጦር በየዙሩ ማንቀሳቀስ ቀርቶ በተወሰነ ትእዛዝ ብቻ መንቀሳቀስ፣ የማይሞት መሪ ቀርቶ ሥርወ መንግሥት፣ ስድስት ሺህ ዓመት ቀርቶ የጥንቱ ዘመን ብቻ። ይሄ ሁሉ ለውጥ ነው፣ ወደውታል፣ ምክንያቱም ያልተነካው ነገር ትክክለኛው ነገር ነው።

አሁን አክሱም ላይ ልምጣ፣ የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ስለሆነ። ማመስገን ያለብኝን ላመስግን፣ አክሱም ሲቭ ሰባት ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ያለተጨማሪ ክፍያ ገብታለች። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ ሲቭ አራት ላይ ዘርዓ ያዕቆብ የመጣው በ2007ቱ ማስፋፊያ ነው፣ ሲቭ አምስት ላይ ኃይለ ሥላሴ በ2012ቱ፣ ሲቭ ስድስት ላይ ምኒልክ በ2020 ለብቻው በሚሸጥ ጥቅል። እና የአክሱም አሠራሯም ጥሩ ነው፣ ሐውልት የምታቆም፣ በታንኳ የምትነግድ፣ በባሕር ገንዘብ የምትሰበስብ አገር፣ የአዱሊስን ወደብ የሚያውቅ ሰው እንዳሰበበት ይገባዋል። ተጫወትኳት፣ ወደድኳት። ከዛ የመጀመሪያው ዘመን አለቀ።

ጌሙ ሲወጣ ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያ የምትባል ነገር አልነበረችም። ሁለተኛው ዘመን ላይ አልነበረችም፣ ሦስተኛው ላይም አልነበረችም። ከሰሃራ በታች ልቆይ ካልክ ያለው የምዕራብ አፍሪካው ሶንጋይ ነው፣ ከዛ ደግሞ የኡጋንዳዋ ቡጋንዳ። ሶንጋይን ንቄ አይደለም፣ ጋኦና ቲምቡክቱ የራሳቸው ታላቅ ታሪክ አላቸው፣ እንዲያውም ለዛ ነው የሰው መለዋወጫ መሆን የሌለባቸው፣ ሶንጋይን የሚወድ ሰውም ከጥንቱ ዘመን ጀምሮ ሶንጋይ ብሎ መጫወት አልቻለም እኮ። ግን ከአክሱም እስከ ጋኦ በቀጥታ ብትሄድ ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በምን ምክንያት ነው አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጠው? ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ? ሌላ ምክንያት ካለ ንገሩኝ።

የፊራክሲስ ሰዎች ጌሙን ሲያስተዋውቁ ታሪክ በድርብርብ ነው የሚገነባ፣ ለንደንን ተመልከቱ፣ ከታች ሮም አለች ከላዩ ሌላው እያሉ ነበር። እሺ፣ ድርብርቡን እቀበላለሁ። ግን የኛኑ ድርብርብ እስቲ እዩት። ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ሳንቲሙ ላይ የነበረው ግማሽ ጨረቃ ወርዶ መስቀል ገባበት፣ አገሩ ግን ሌላ አገር አልሆነም። ዛጉዌዎች መጡ፣ ላሊበላ ተፈለፈለ። 1270 ላይ ይኩኖ አምላክ ነገሠ። 17ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ፋሲለደስ ጎንደርን መቀመጫ አደረጋት። 1896 አድዋ። ዋና ከተማው ተዛወረ፣ ሥርወ መንግሥቱ ተቀየረ፣ ድንበሩ ሰፋ ጠበበ፣ ስንቱ ተጣላ ስንቱ ታረቀ፣ ግን ኢዛና ድንጋይ ላይ ያስቀረጸበት ፊደል ይሄው አሁን እኔ እየጻፍኩበት ያለሁት ፊደል ነው። ድርብርብ ማለት እኮ ይሄ ነው፣ ከታች ያለው ሳይጠፋ ከላይ የሚጨመር። የሲቭ ሰባት ግን ከታች ያለውን አውጥቶ በቦታው ሌላ ማስገባት ነው። በራሳቸው ምሳሌ እንኳን ለንደን ከሮማ በኋላ ለንደን ናት፣ ማንም ተነስቶ ኪዮቶ ናት አላላትም። ቻይናን ይዘህ ስትጫወት ሃን፣ ሚንግ፣ ቺንግ እያልክ አገርህን ሳትለቅ ትሄዳለህ፣ ስለዚህ እንዴት መሥራት እንዳለበት ያውቁ ነበር፣ ለሁሉም ማድረግ ግን ከበዳቸው። ሲቭ አምስት ላይ የኢትዮጵያ ችሎታ ስሙ የአድዋ መንፈስ ነበር፣ ካንተ የበለጠ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ስትዋጋ ጦርህ 20 በመቶ ይጠነክራል። ሲቭ ስድስት ላይ ምኒልክ ጦሩ ኮረብታ ላይ ሲቆም ይበረታል፣ ኮረብታ ላይ የቆረቆራቸው ከተሞች ደግሞ ከእምነታቸው ሳይንስና ባህል ያወጣሉ። አንድ ችሎታ ነው፣ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፣ ግን ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አብሮህ ስለሚሄድ ስለምን አገር እንደምትጫወት አትረሳም።

አገር መቀያየሩ አዲስ ሐሳብ ነው የሚሉት ደግሞ ሂውማንካይንድን ምን ሊያደርጉት ነው? የፓሪሱ አምፕሊቲዩድ ኦገስት 2021 ላይ ያወጣው ጌም እኮ ይሄው ነው፣ ስድስት ዘመን፣ በእያንዳንዱ አሥር ባህል፣ ዘመን በመጣ ቁጥር ትመርጣለህ። ያኔ ሁላችንም ያየነው ችግር ጎረቤትህን አለማወቅህ ነበር፣ ትናንት ባቢሎን ያልከው ዛሬ ሌላ ነው ነገ ሌላ፣ ጥላቻም ፍቅርም አይጠራቀምም፣ መጨረሻ ላይ ከቀለም ጋር ነው የምትዋጋው። ፊራክሲስ ከሦስት ዓመት በላይ ይሄን እያየ ነው የቀዳው፣ ሲቀዳው ደግሞ ጥሩውን ጥሎ። ሂውማንካይንድ ላይ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባህልህን አልቀይርም ብለህ መቆየት ትችላለህ፣ እንዲያውም ስለቆየህ የምታገኘው ዝና፣ ማለትም ማሸነፊያው ነጥብ፣ በመቶኛ ይጨምርልሃል። መቆየት ራሱ ስትራቴጂ ነበር! አክሱም እዛ ከመጀመሪያው ነበረች፣ ጃንዋሪ 2022 ላይ በአፍሪካ ባህሎች ጥቅል ኢትዮጵያ ራሷ በኢንዱስትሪው ዘመን ተጨመረች። ስለዚህ ሲቭ ሰባት ይሄን ምርጫ አሁን ሲሰጠን ትልቅ ውለታ የዋለልን መምሰሉ ያናድዳል፣ ተቀናቃኙ 2021 ላይ የሰጠውን ነው።

የሚቀራቸው መከራከሪያ "ሰው ጨዋታውን አይጨርስም" የሚለው ነው። ብዙ ተጫዋች ሲቭን ጀምሮ መጨረሻ እንደማይደርስ ፊራክሲሶች ራሳቸው ተናግረዋል፣ ዘመኑን ቆራርጠን ሁሉንም ብናስተካክል ፉክክሩ ይቀጥላል ነው ሐሳባቸው። ችግሩ እውነት ነው፣ አልክድም፣ መሀል ላይ ማሸነፍህ ከታወቀ በኋላ ሃያ ከተማ እያስተዳደሩ መቶ ዙር መጫን ያደክማል። ግን መድኃኒቱ ምን ሆነ? ሲወጣ በነበረው አሠራር ዘመኑ ሲያልቅ ጦርነትህ በመሀል ይቆማል፣ ከዋና ከተማህ በስተቀር ከተሞችህ ወደ ትንንሽ መንደር ይወርዳሉ፣ አዛዥ ሥር ያልገባው ጦርህ ይበተናል። ሦስት ሰዓት የተዋጋህለትን ከበባ፣ ግንቡ ሊፈርስ ሁለት ዙር ሲቀረው፣ ቆጣሪው ነጠቀህ። ይሄ ሰው እንዲቀጥል ያደርገዋል? በኔ እምነት እንዲያውም ሁለት ተጨማሪ የማቆሚያ ቦታ ነው የሠሩለት፣ የመጀመሪያው ዘመን ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ጠዋት ሲነሳ ደግሞ የማያውቀውን አገር ከሚቀጥል አዲስ ይጀምራል። እና የድካሙ ምንጭ ሌላ ነው እኮ፣ ኤአይው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሰው ተቃዋሚ፣ መዋጋት አይችልም። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚከብድህ ብልህ ሆኖ ሳይሆን ተጨማሪ ሀብት ስለሚሰጡት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይጨፈልቅሃል፣ አንዴ ካለፍከው ግን አለቀ። እሱን ማስተካከል ይከብዳል፣ ቆጣሪ ማስቀመጥ ይቀላል።

ሚሌኒያ የሚባለውን ጌምም ሳላነሳው አላልፍም። 2024 ላይ ሲ ፕሮምፕት ሠርቶት ፓራዶክስ ያሳተመው ነው፣ ሲታይ አያምርም፣ ጦርነቱ ሲታይ ደግሞ ጭራሽ ያሳፍራል። ግን አሥር ዘመን አለው፣ ዘመኑ ራሱ እንደ አጨዋወትህ ይቀየራል፣ ሰው ሲፋጅ የደም ዘመን ይመጣል፣ ንጽሕና ሲጠፋ የወረርሽኝ ዘመን። አገርህ ግን ያችው ሆና በላይዋ ላይ የምትመርጠው ብሔራዊ መንፈስ ይጨመርባታል። ትንሽ ቡድን፣ ትንሽ ገንዘብ፣ እና ፊራክሲስ ያቃተውን ጥያቄ መልሶታል።

ሲቭ ሰባት ሁሉ ነገሩ መጥፎ ነው አላልኩም። ጦሩን አዛዥ ሥር ሰብስቦ ማንቀሳቀሱ ከተከታታዩ ሁሉ የተሻለ ነው፣ ሠራተኛ እያዞሩ እርሻ ማስቆፈር መቅረቱም ጥሩ ነው፣ ካርታው ዓይን ያጠግባል። በቃ፣ ይሄን ያህል። የቀረውስ? ከተማህን ስም መቀየር የማትችልበት፣ ቃኚህን ራስህ ዙር በዙር የምትጎትትበት፣ የመጀመሪያው ሰው ወደ ጠፈር ሲወጣ የሚያልቅ፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ መጫወትህን የሚያስቀጥልህ "አንድ ዙር ብቻ" የሚለው ቁልፍ የሌለው ሲቭ ነበር የሸጡልን። አንድ ዙር ብቻ እኮ የዚህ ጌም መታወቂያ ነው! ቆይተው ጨመሩት፣ ስሙንም ጨመሩ፣ ቃኚውንም ጨመሩ፣ ዘመኑ ሲቀየር ጦርህ ባለበት እንዲቆይ የሚያደርግ ምርጫም ጨመሩ። ታላቋ ብሪታንያ ደግሞ ለብቻዋ በሚሸጥ ጥቅል መጣች። ይሄ ሁሉ ሰባ ዶላር ለተከፈለበት ዕቃ።

ስለዚህ አሁን የመጣው ውሳኔ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አገርህን ይዘህ ቀጥል ብሎ መፍቀድ ብቻውን ምንም ነው፣ እያንዳንዱ ሥልጣኔ የተሠራው ለአንድ ዘመን ነዋ። አክሱምን ይዤ ሦስተኛው ዘመን ስገባ ታንኳዬ በእንፋሎት መርከብ መሀል ምን ትሠራለች? ሐውልቴ ከፋብሪካው ጎን ምን ይሰጣል? ለእያንዳንዱ አገር ለየዘመኑ የራሱን ጦር፣ የራሱን ሕንፃ፣ የራሱን ችሎታ ካልሠሩለት ተጫዋቹ አገሩን ስለወደደ ብቻ ይቀጣል፣ ከዛ ደግሞ እነዛው ተንታኞች ተነስተው "ይኸው፣ ስንሰጣቸውም ደካማ ነው" ሊሉን ነው። ሥራውን ይሥሩት። የአክሱምን ቀጣይ የዛጉዌን፣ የጎንደርን፣ የአድዋን ዘመን አድርገው ይሥሩት፣ ሶንጋይንም ከጥንቱ ዘመን ጀምሮ፣ ቡጋንዳንም እንደዛው። ይሄን ደግሞ በሠላሳ ዶላር ለብቻው እንዳይሸጡልን።

እስከዛው ድረስ ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው፣ ዘንድሮ ሰባ ዶላር እዚህ ላይ እንዳታወጣ። ጊዜ ካለህ ኦልድ ወርልድን በቅናሽ ጠብቀህ ግዛ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብድሃል፣ ትእዛዝ ያልቅብሃል፣ ቀጥልበት። ላፕቶፕህ አሮጌ ከሆነ ሲቭ አምስትን ከሁለቱ ማስፋፊያዎቹ ጋር ውሰድ፣ ስቲም ላይ በየጊዜው በጣም በርካሽ ይወርዳል። ኢትዮጵያን ይዘህ ተራራና ኮረብታ የበዛበት ካርታ ምረጥ፣ ሦስት አራት ከተማ ብቻ ቆርቁር፣ እና ትልቁ ጎረቤትህ እስኪመጣብህ ጠብቅ።